ዲስኩ ነው ወይስ ኬብሉ? ስማርትሞንቱልስ ሲፈተሽ

ሊኑክስ የተጫነበት ዴስክቶፕ ፋይል ሲከፈትበት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ድርቅ ብሎ ይቀርና ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። ከቀናት በኋላ ደግሞ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም ብሎ ፋይል ማስቀመጥ ይከለክላል። ጥገና ቤት ከተወሰደ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ሃርድ ዲስኩ ሄዷል፣ ይቀየር»። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን የሄደው ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ስስ የሳታ ኬብል ነው። አዲሱ ዲስክም በዚያው ኬብል ይታሰርና ሳምንት ሳይሞላው ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ ዋጋ የለውም፤ በነፃ ነው። ስማርትሞንቱልስ ይባላል፤ ከ2002 ጀምሮ ያለ፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ብቻ ሳይሆን በፍሪቢኤስዲና በማክ ላይም ይሠራል። በውስጡ ሁለት ነገር አለ፦ ስትጠይቁት የሚመልሰው ስማርትሲቲኤል፣ እና ከጀርባ ሆኖ ዲስኩን የሚጠብቀው ስማርትዲ። ከዲስክ ውስጥ መረጃ አውጥቶ በማሳየት የሚስተካከለው አላየንም። የሚያሳየውን በማብራራት ግን ደካማ ነው፤ ይባስ ብሎ ከሁሉ አጉልቶ የሚጽፈው መስመር ከሁሉ የማይረባው ነው።

መጫኑ ቀላል ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ «ሱዶ ኤፒቲ ኢንስቶል ስማርትሞንቱልስ»፣ ፍሪቢኤስዲ ላይ «ፒኬጂ ኢንስቶል ስማርትሞንቱልስ» ነው። (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናሉ የሚያውቀው ላቲኑን ነው።) በአንዳንድ የኡቡንቱ እትሞች ላይ ሳትጠይቁት የኢሜይል ሰርቨር ጎትቶ ያመጣና ባለ ሰማያዊ ገጽ ጥያቄ ይደቅናል። ለቤት ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ «ሎካል ኦንሊ» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው ዲስክ የትኛው እንደሆነ እወቁ። ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ የሚባሉት ስሞች ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሊቀያየሩ ይችላሉ። «ኤልኤስቢኤልኬ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር እንዲያሳይ ጠይቁና ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር አመሳክሩ። አሁን ለውጥ ባያመጣም ወደ ታች ስንወርድ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ጤነኛው ዲስክ ሊጠፋ ነው።

ስማርትሲቲኤልን በ«ሰረዝ ኤክስ» ስታስነሱት ብዙ ገጽ ይተፋል። ከላይ አካባቢ ስለ አጠቃላይ ጤና የተጻፈች መስመር አለች፤ መጨረሻዋ «ፓስድ» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ይህች መስመር የምትለወጠው አምራቹ ራሱ ያስቀመጠው ወለል ሲጣስ ብቻ ነው፤ አምራቾች ደግሞ ወለሉን በጣም ዝቅ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። በመቶ የሚቆጠሩ የማይነበቡ ቦታዎች ያሉበት ዲስክ «ፓስድ» ብሎ ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። በ2007 የጉግል መሐንዲሶች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ ከተበላሹት ውስጥ ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሙቀት በቀር በየትኛውም የስማርት ቁጥር (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና በሚመዘግበው) ላይ ምልክት ሳያሳዩ ነው የሞቱት። ስለዚህ ቁጥሩ መጥፎ ከሆነ እመኑት፤ ደህና ከሆነ ግን ዋስትና አድርጋችሁ አትያዙት።

ሠንጠረዡ ውስጥ በየረድፉ ብዙ ቁጥር ተደርድሯል። ዓይናችሁን የመጨረሻው ዓምድ ላይ ጣሉ፤ ጥሬው ቁጥር የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከረድፎቹ ደግሞ ሥራ የሚሠሩት አራቱ ናቸው። 5 ቁጥር፣ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች (መረጃ የሚጻፍባቸው የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች) ብዛት ነው። 197 ዲስኩ ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች ነው። 198 ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ያገኛቸው የማይታረሙ ናቸው። 199 ደግሞ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ ዲስኩን አይመለከትም። በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል መረጃ ሲመላለስ ስንት ጊዜ ተበላሽቶ እንደደረሰ ነው የሚቆጥረው።

የሚያስደነግጥ ግን ባዶ የሆነም አለ። የሲጌት ዲስኮች 1 ቁጥርና 7 ቁጥር ረድፍ ላይ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ስህተት ያላቸው ይመስላሉ። ቁጥሩ 48 ቢት ነው፤ የታችኛው 32 ቢት የተከናወነውን የሥራ ብዛት ነው የሚይዘው፣ ስህተቱ ያለው በላይኛው 16 ቢት ብቻ። ጥሬው ቁጥር ከ4,294,967,296 በታች ከሆነ ስህተቱ ዜሮ ነው ማለት ነው። ፕሮግራሙ ይህን በግልጽ አለመናገሩ ስንት ጤነኛ ዲስክ እንዳስጣለ እግዜር ይወቀው።

ስማርትሲቲኤል ብቻውን ግማሽ ምስክር ነው። ሌላው ግማሽ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል) መዝገብ ነው፤ «ዲሜሴጅ» ወይም «ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ኬ» በማለት ይነበባል። ኮምፒውተሩ ደርቆ በግድ አጥፍታችሁት ከሆነ፣ «ሰረዝ ቢ» ጨምራችሁ ከእሷ ቀጥሎ «ሰረዝ 1» ብትጽፉ ያለፈውን ጊዜ መዝገብ ያወጣል። «ኤቲኤ3.00» በመሰለ ስም የሚጀምሩትን መስመሮች ፈልጉ። ከእነሱ መጨረሻ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ከሚጻፉት አጫጭር ቃላት ሁለቱን መለየት ይበቃል። «ዩኤንሲ» ካለ ዲስኩ ከራሱ ገጽ ላይ ማንበብ አልቻለም፤ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። «አይሲአርሲ» ካለ ዲስኩ አንብቦ ልኳል ወይም ሊቀበል ነበር፣ መረጃው መንገድ ላይ ነው የተበላሸው። ከዚያው ቀጥሎ ከርነሉ የሳታውን ፍጥነት ከ6 ወደ 3 ወይም ወደ 1.5 ጊጋቢት ማውረዱን ከተናገረ ኬብሉን የሚያስጠረጥር ሌላ ምስክር ነው።

ኬብሉን መፈተን እንዲህ ነው። የ199ን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ 214 ነው እንበል። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። የሳታ ኬብሉን ሁለቱም ጫፍ ላይ የብረት መቆለፊያ ባለው ቀይሩት፤ በዚያው እጃችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ኬብሉ በሹል ማዕዘን አይታጠፍ፤ የኬዙ መዝጊያም አይጫነው። አስነሱና ወደ 20 ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል ወደ ዲስኩ ቅዱ፣ መልሳችሁም አንብቡት። ቁጥሩን ድጋሚ እዩ። 214 ላይ ከቆመ ጉዳዩ አልቋል። ወደ ዜሮ እንዲመለስ አትጠብቁ፤ ይህ ቆጣሪ ወደ ታች አይወርድም። 215 ከሆነ ግን የማዘርቦርዱን ወይም የዲስኩን መሰኪያ ራሱን መጠርጠር ነው።

ኬብል ተቀይሮም ግንኙነቱ እየተቋረጠ የሚመለስ ከሆነና 199 የማይጨምር ከሆነ ፊታችሁን ወደ ኤሌክትሪኩ አዙሩ። 12 ቁጥር ዲስኩ ስንት ጊዜ እንደበራ፣ 192 ደግሞ ስንት ጊዜ ሳይዘጋጅ ኃይል እንደተቋረጠበት ይቆጥራሉ። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ እነዚህ ሁለቱ ከጨመሩ ዲስኩ በመሃል መብራት እያጣ ነው። ምክንያቱ ላላ ያለ የፓወር መሰኪያ፣ የደከመ ፓወር ሰፕላይ፣ ወይም ከድሮው ትልቅ ባለ 4 እግር መሰኪያ ወደ ሳታ የሚቀይረው ርካሽ ማገናኛ ሊሆን ይችላል። ያ ማገናኛ፣ በተለይ ፕላስቲኩ ሽቦው ላይ ቀልጦ የተጋገረው ዓይነት፣ እሳትም የሚያስነሳ ስለሆነ ቢወገድ ይሻላል።

197 ከዜሮ በላይ ከሆነ ከምንም ነገር በፊት መረጃውን አድኑ። «ኤፍኤስሲኬ» የሚባለውን የፋይል ሥርዓት ጥገና እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ ማስኬድ ቤቱ እየተቃጠለ ዕቃ ማስተካከል ነው፤ እየጻፈ የቀረውንም ሊያበላሽ ይችላል። ለዚህ ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው አለ። በመጀመሪያው ዙር «ሰረዝ ዲ ሰረዝ ኤን» ብላችሁ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ያውጣ፤ በሁለተኛው ዙር «ሰረዝ ዲ ሰረዝ አር 3» ብላችሁ አስቸጋሪውን ሦስት ጊዜ ይሞክር። የካርታ ፋይሉን ስም መጨረሻ ላይ መጻፍ አትርሱ፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት የሚቀጥለው በእሱ ነው። የሚቀዳበት ቦታ ቢያንስ የታመመውን ዲስክ ያህል መሆን አለበት፤ 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ 40 ጊጋባይት ፋይል ብቻ ቢኖርም እንኳ።

መረጃው ከዳነ በኋላ ረጅሙን ፈተና እዘዙ፦ ስማርትሲቲኤል «ሰረዝ ቲ ሎንግ»። አጭሩ 2 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው፤ የዲስኩን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሚያይ ብዙም አይታመንም። ረጅሙ ሙሉውን ገጽ ያነብባል፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ዲስኩ ራሱ አስቀድሞ ይነግራችኋል፣ ለ1 ቴራባይት ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ፈተናው የሚካሄደው ዲስኩ ውስጥ ስለሆነ ኮምፒውተሩን እየሠራችሁበት መቆየት ትችላላችሁ። መብራት ከሄደ ግን ይቋረጣል፤ ዩፒኤስ ከሌለ መብራት የሚረጋበትን ሰዓት መምረጥ ነው።

ውጤቱ «ሪድ ፌይለር» ካለ ከጎኑ መጀመሪያ የተገኘውን የማይነበብ ሴክተር አድራሻ ይጽፋል። ያ ቁጥር የማንን ፋይል እንደነካ ማወቅ ይቻላል። አድራሻው 61,304,904 ነው፣ ፓርቲሽኑም ከ2,048 ይጀምራል፣ የፋይል ሥርዓቱም ኤክስት4 ነው እንበል። 2,048ን ቀንሱ፦ 61,302,856። አንዱ ብሎክ 4,096 ባይት፣ አንዱ ሴክተር 512 ባይት ስለሆነ ለ8 አካፍሉ፦ 7,662,857። «ዲባግኤፍኤስ»ን ከፍታችሁ «አይቼክ» ከዚህ ቁጥር ጋር ስትሉት የአይኖድ ቁጥር (የፋይል ሥርዓቱ ፋይሉን የሚለይበት) ይመልሳል፤ «ኤንቼክ» ከአይኖዱ ጋር ስትሉት የፋይሉን ስም። ብሎኩ ባዶ ቦታ ላይ ከሆነ ምንም አልጠፋባችሁም።

ቀጥሎ ዲስኩ ውሳኔ እንዲሰጥ ማስገደድ ነው። የማይነበብ ሴክተር ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍበት ዲስኩ ወይ ቦታውን መልሶ ይቀበለዋል ወይ በመጠባበቂያ ይተካዋል። «ዲዲ» የተባለውን የመቅጃ ትእዛዝ ከዜሮው መሣሪያ («ዴቭ ዜሮ») እያነበበ ወደ ዲስኩ እንዲጽፍ አድርጉ፤ የብሎክ መጠን 4,096፣ ብዛት 1፣ በሚጻፍበት በኩል ያለው መዝለያ («ሲክ» እንጂ «ስኪፕ» አይደለም) 7,663,113 (ሙሉው አድራሻ ለ8 ሲካፈል፤ ፓርቲሽኑ አልተቀነሰም፣ ምክንያቱም የምትጽፉት ሙሉው ዲስክ ላይ ነው)፣ የአጻጻፍ ስልቱ «ዳይሬክት»። ፓርቲሽኑ በዚህ ጊዜ «አንማውንት» መደረግ አለበት (ኬብሉ ግን አይነቀልም)። 512 ባይት ብቻ መጻፍ የማይሠራው የዘመኑ ዲስኮች ውስጣቸው በ4,096 ባይት ስለተከፋፈለ ነው፤ ትንሿን ለመጻፍ መጀመሪያ ሙሉውን ማንበብ አለበት፣ ማንበብ ደግሞ አልቻለም።

አሁን ቁጥሮቹን እዩ። 197 ወደ ዜሮ ወርዶ 5 ቁጥር ረድፍ ካልጨመረ ሴክተሩ አካሉ ጤነኛ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ እየተጻፈ ሳለ መብራት ሄዶ ግማሽ ላይ የቀረ ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ መጣል አያስፈልግም። 5 ቁጥር ረድፍ ከጨመረ ቦታው እውነትም ተጎድቷል። አንድ ሁለት ሆኖ ለወራት ከቆመ ብዙም ላልተፈለገ መረጃ ሊያገለግል ይችላል፤ በሳምንቱ 8፣ በወሩ 40 ከሆነ ግን ዲስኩ እየሄደ ነው።

በዩኤስቢ የሚሰኩት ላይ ፕሮግራሙ ይቸገራል። የዩኤስቢ ድልድዩን አላውቀውም ካለ «ሰረዝ ዲ ሳት» ጨምሩ፤ አብዛኛው ይከፈታል። የሲጌት ውጫዊ ዲስኮች ላይ ግን ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም፤ በዩኤኤስ (ፈጣኑ የዩኤስቢ ዲስክ መገናኛ ስልት) ሲሠሩ ከርነሉ ራሱ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይከለክልባቸዋል። ለረጅሙ ፈተናም ሌላ እንቅፋት አለ፦ ብዙ የዩኤስቢ ሳጥኖች ዝም ካሉ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዲስኩን ያስተኙትና ፈተናው ይቋረጣል። በየ60 ሰከንዱ ሁኔታውን የሚጠይቅ ትእዛዝ ከጎን ማስኬድ ያነቃዋል። ፍላሽ ላይ በጥቅሉ ስማርት ስለሌለ አትድከሙ። ከርነሉ ስለ ፍላሹ «ኤረር ሰረዝ 71» ካለ የግንኙነት መበላሸት፣ «ሰረዝ 110» ካለ መልስ መዘግየት ነው፤ ሁለቱም ላይ መጀመሪያ ከፊት ለፊቱ ቀዳዳ ነቅሎ ከኋላ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ነው።

ኤንቪኤምኢ (ያለ ሳታ ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ኤስኤስዲ) ላይ ሠንጠረዡ አጭርና ንጹህ ነው፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ያሰኛል። «ሚዲያ ኤንድ ዴታ ኢንቴግሪቲ ኤረርስ» ዜሮ መሆን አለበት። «ፐርሰንቴጅ ዩዝድ» ያለቀውን ዕድሜ ይነግራል፤ 100ን ማለፍ ይችላል፣ ሲያልፍም ወዲያው አይሞትም። «አንሴፍ ሻትዳውንስ» ሳይዘጋ መብራት የተቋረጠበትን ብዛት ይቆጥራል። የስህተት መዝገብ ብዛት የሚለው ግን ዲስኩ የማያውቀው ትእዛዝ በተላከበት ቁጥርም ስለሚጨምር ብቻውን አያሳስብ። ኤንቪኤምኢን መፈተን የተጀመረው በስማርትሞንቱልስ እትም 7.4 ነው፤ ኡቡንቱ 22.04 ያለው ከዚያ የቆየ ስለሆነ አልችልም ይላችኋል።

ያገለገለ ኮምፒውተር ለሚገዛ ሰው ደግሞ ይህ ፕሮግራም የተጫነበት ፍላሽ ይዞ መሄድ ያዋጣል። 9 ቁጥር የሠራበትን ሰዓት ይነግራል። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ከሠራ 8,760 ሰዓት ነው፤ በቀን 10 ሰዓት በዓመት 260 ቀን የሠራ የቢሮ ዴስክቶፕ ደግሞ 2,600 ሰዓት። «ሁለት ዓመት ቢሮ የሠራ ነው» ተብሎ 31,000 ሰዓት ካሳየ ቃሉና ቁጥሩ አይገጥሙም። ቁጥሩ ተሰርዞ ዜሮ የተደረገም ያጋጥማል። በ2025 መጀመሪያ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች አውሮፓ ውስጥ እንደ አዲስ መሸጣቸው ሲጋለጥ፣ የስማርቱ ሰዓት ተሰርዞ ነበር፤ «ፋርም» የተባለው የሲጌት የውስጥ መዝገብ ግን እውነተኛውን ሰዓት ይዞ ቆይቷል። ከ7.4 ወዲህ «ሰረዝ ኤል ፋርም» ብሎ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል።

ተርሚናል የማይወድ ሰው ጂስማርትኮንትሮልን ይጫን፤ ከውስጥ የሚያስነሳው ይኸንኑ ስማርትሲቲኤልን ነው፣ አጠራጣሪውን ረድፍም በቀለም ይለያል። ኡቡንቱ ላይ ያለው «ዲስክስ» ግን የሚጠቀመው ሌላ ላይብረሪ ነው፤ ለጨረፍታ ደህና ነው።

የስማርትዲ ነገር ቀዝቀዝ ያለ አስተያየት ነው ያለን። በየ30 ደቂቃው ዲስኩን ያያል፤ የሚያስጠነቅቀው ግን በኢሜይል ነው፣ የቤት ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ኢሜይል የሚልክ ነገር የለም። እያስጠነቀቀ ማንም ሳይሰማው ዲስኩ ሊሞት ይችላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ስማርት ኖቲፋየር» የተባለውን መጨመር ማስጠንቀቂያውን ስክሪን ላይ ያመጣዋል። መሥራቱን ለማረጋገጥ ውቅር ፋይሉ ውስጥ «ሰረዝ ትልቁ ኤም ቴስት» ጨምራችሁ አገልግሎቱን እንደገና አስነሱት፤ መልእክት ካልመጣ መንገዱ ተዘግቷል።

ፈተና በፕሮግራም ለማስያዝም መመሪያው ውስጥ ያለው ምሳሌ 02 ሰዓት ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ የቤት ኮምፒውተር ደግሞ ያን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚያድረው። «ኤል/../../6/14» ብትሉት ረጅሙ ፈተና ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀምራል፤ 6 ቅዳሜን ነው የሚወክለው፣ ሳምንቱ የሚቆጠረው ከሰኞ ነው። የራሳችሁን ስክሪፕት የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ስማርትሲቲኤል ከዜሮ ሌላ በመለሰ ቁጥር ደወል አታስጩኹ። 8 ከመለሰ ዲስኩ እየወደቀ ነው። 64 ግን በድሮ መዝገብ ውስጥ ስህተት አለ ማለት ብቻ ነው፤ ኬብሉ ከተቀየረ ከዓመት በኋላም ያው 64 መመለሱን ሊቀጥል ይችላል።